ረዥም ሁሉ ውስብስብ አይደለም

የ7ኛ ክፍል ተማሪ ይዛችሁ «ውስብስብ ዓረፍተ ነገር ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «ረዥም የሆነ» ይላችኋል። ነጠላስ? «አጭር።» ይህን መልስ ያልሰማ የአማርኛ መምህር ያለ አይመስለኝም። እኔ አዳማ ውስጥ 7ኛና 8ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። በየመስከረሙ አዲስ ልጆች ይመጣሉ። መልሱ ግን ያው ነው።

ልጆቹ ላይ አልፈርድም። እንዲህ እንዲያስቡ ያደረግናቸው እኛ ነን። ሰሌዳው ላይ «አበበ በሶ በላ» እንጽፍና «ይሄ ነጠላ ነው» እንላለን። ከዚያ ለውስብስቡ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ ነገር እንጽፋለን። ልጁ መጀመሪያ የሚያየው ርዝመቱን ነዋ! ሌላ ምን ይይ?

ስለዚህ እኔ የምጀምረው በሁለት ተረትና ምሳሌ ነው። አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች እጽፋለሁ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

የትኛው ነጠላ ነው? እጅ ይወጣል። አብዛኛው ክፍል ታችኛውን ይመርጣል፤ ሦስት ቃል ብቻ ነዋ። ከዚያ ግሶቹን ቁጠሩ እላለሁ። ላይኛው አምስት ቃል አለው፤ ግሱ ግን አንድ ነው፣ «ይሄዳል»። ታችኛውስ? «የቸኮለች» ግስ አለበት። «አፍሳ» ግስ ነው። «ለቀመች» ግስ ነው። ሦስት ቃል፣ ሦስት ግስ። ልጅቷ ቸኮለች፣ አፈሰሰች፣ ለቀመች። ሦስት ድርጊት በአንድ ትንፋሽ።

ክፍሉ ትንሽ ይንጫጫል። ደስ የሚለኝ ሰዓት ይሄ ነው። አንዳንዴ እሳቱ እንዳይበርድ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን እጨምርበታለሁ። አራት ቃል ነው፤ አራቱም ውስጥ ግስ አለ።

በአማርኛ ነጠላውን ከውስብስቡ ለመለየት መታየት ያለበት ግሱ ነው። ርዝመቱን እርሱት። አያያዥ ቃል ፍለጋ አትውጡ። ግሱን ያዙ፤ ከፊቱ ምን እንደተለጠፈበት፣ በምን እንደጨረሰ እዩ። የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመጣል። ይህን ለማለት ግን ብዙ መንገድ መሄድ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ልጆቹ ባዶ ጭንቅላት ይዘው አይመጡም።

አንደኛው ይዘውት የሚመጡት ነገር ከእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው። እዚያ «ቢኮዝ»፣ «ዌን»፣ «ኦልዞው» ካያችሁ ውስብስብ ነው ተብለዋል። ለእንግሊዝኛው ጥሩ ይሠራል። ቃሉ ብቻውን ቆሞ ይታያል፤ ልጁ በእስክሪብቶ ያከብበዋል፤ አለቀ። አማርኛ ላይ ሲመጡ የሚከበብ ነገር ያጣሉ። የእኛ «ቢኮዝ» ግሱ ላይ ተለጥፎ ነው የሚመጣው፤ «ስለዘነበ»። የእኛ «ዌን» አንዲት ፊደል ናት፤ «ሲዘንብ»። «ኦልዞው» ደግሞ ግሱን ከፊትም ከኋላም ይይዘዋል፤ «ቢዘንብም»።

ስለዚህ ምን ያደርጋሉ? «ምክንያቱም» የምትለዋን ያገኛሉ። ብቻዋን የቆመች፣ ለማክበብ የተመቸች ቃል! «አልማዝ ዛሬ አልመጣችም፤ ምክንያቱም አሟታል።» ውስብስብ ነው ይሉኛል። እስቲ ቁረጡት እላለሁ። «አልማዝ ዛሬ አልመጣችም።» ይቆማል። «አሟታል።» እሱም ይቆማል። ሁለቱም በራሳቸው ምሉዕ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ አልተደገፈም። አሁን «አልማዝ ስላመማት አልመጣችም» በሉና ቁረጡት። «አልማዝ ስላመማት።» አራት ነጥብ አድርጋችሁ ተመልከቱት። አንድ እግሩን አንስቶ የቀረ ነገር ነው።

ሁለተኛው ችግር የምናስሸመድዳቸው ዝርዝር ነው። «ስለ፣ ከ፣ እንደ፣ የ፣ ለ፣ በ፣ እስከ» እያልን እናስጽፋለን፤ እነዚህን ካያችሁ ውስብስብ ነው እንላለን። ልጁ ዝርዝሩን ይዞ ቤቱ ይሄዳል። ፈተናው ላይ «መምህሯ ስለ አድዋ ጦርነት ተናገረች» የሚል ይመጣል። «ስለ» አለበት፤ ውስብስብ! ተሳሳተ። «ስለ» እዚህ የወደቀው ስም ላይ ነው። «እንደ አንበሳ አገሳ» ነጠላ ነው፤ «እንደመጣ ተኛ» ውስብስብ ነው። «ከገበያ ተመለሰች» እና «ከበላች በኋላ ተመለሰች» አንድ «ከ» ነው ያላቸው፤ አንዱ ስም ላይ፣ አንዱ ግስ ላይ። «የአልማዝ ቤት ተሸጠ» እና «አልማዝ የገዛችው ቤት ተሸጠ» ላይም እንደዚያው። እነዚህን ጥንድ ጥንድ አድርጌ ሰሌዳ ላይ ሳሰልፋቸው ዝርዝሩን የሸመደዱት ልጆች ፊታቸው ይለወጣል። ዝርዝሩ አይጠቅምም አልልም። የት እንደወደቀ ካላዩ ግን ያጠፋቸዋል።

በልጅነቱ ዋድላ ወርዶ ቅኔ የተማረ አጎት አለኝ። አንድ የበዓል ቀን ቡና እየተጠጣ ይህንኑ ጣጣ ስነግረው ሳቀብኝ። «ይሄ እኮ ዐቢይ አገባብ ነው» አለኝ። በግስ ላይ ወድቆ ማሰሪያነቱን የሚያስቀር ማለት ነው። «ዘነበ» ብቻውን ማሰሪያ አንቀጽ ሆኖ ነገሩን ይዘጋል። «ስለ» ሲወድቅበት ማሰሪያነቱ ይቀራል፤ ሌላ ማሰሪያ ይፈልጋል። እኛ አንድ ሳምንት የምንለፋበትን ነገር የቅኔ ተማሪ እንደ ዋዛ ያልፈዋል። በነገራችን ላይ መማሪያ መጽሐፎቻችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ቃላት ተደባልቀው ይኖራሉ። «ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ማሰሪያ አንቀጽ» የሚሉት የድሮዎቹ ናቸው። «ስማዊ ሐረግ፣ ግሳዊ ሐረግ» የሚሉት ደግሞ ፕሮፌሰር ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ያሳተሙትን ዓይነት ዘመናዊ ሰዋስው ይከተላሉ። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ አዲሶቹ ይሻላሉ። ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን «ማሰሪያ» የምትለውን የሚያህል የለም። ታሰረ ወይስ አልታሰረም? በቃ።

ይህን ወደ ጨዋታ ቀይሬዋለሁ። አንድ ልጅ ይነሳና አንድ ነገር ይናገራል። ነገሩ ካልታሰረ ክፍሉ በሙሉ «እሺ፣ ከዚያስ?» ብሎ ይጮኻል። ከታሰረ ዝም። «ልጁ መጣ» ሲል ዝም። «ልጁ ሲመጣ…» «እሺ፣ ከዚያስ?» «ልጁ ስለመጣ…» «እሺ፣ ከዚያስ?» «ልጁ እስኪመጣ…»፣ «ልጁ ቢመጣም…»፣ «ልጁ መጥቶ…»፣ «የመጣው ልጅ…»። አንድ «መጣ» ስንት ልብስ እንደሚቀያይር ያዩታል። ጎረቤት ክፍል የሚያስተምሩት የሒሳብ መምህር ግን ጩኸቱን አይወዱትም። እውነታቸውን ነው።

ጨዋታው አንድ ቦታ ላይ ያጣላል። «እየዘፈነ ነው» እና «እየዘፈነ መጣ»። የመጀመሪያው ሁለት ግስ ይመስላል፤ «እየዘፈነ» ሲል ብዙ ልጅ «ከዚያስ?» ለማለት አፉን ይከፍታል። ግን «ነው» ምን ድርጊት ነው? ማን ምን አደረገ? ምንም። «ነው» ረዳት ነው፤ ሁለቱ ተደምረው አንድ ግስ ናቸው። «መጥቶ ነበር»፣ «ይመጣ ነበር»፣ «ሊመጣ ነው» ሁሉም እንዲሁ። «እየዘፈነ መጣ» ላይ ግን ሰውየው ሁለት ነገር አድርጓል፤ ዘፍኗል፣ መጥቷል። «ዝም አለ» እና «ብድግ አለ» ላይም ይሰናከላሉ። «ቲቸር፣ ብድግ ምን አለ?» ያለኝ ልጅ ነበር። ምንም አላለም፤ ተነሳ ማለት ነው።

«-ና»ን ቶሎ ልለፋት። «ከበደና አልማዝ መጡ» ነጠላ ነው፤ «-ና» ያያያዘችው ሁለት ሰው ነው። «ከበደ መጣና ተቀመጠ» ሁለት ድርጊት ነው፤ ጥምር ወይም ድርብ የሚባለው። ስሙ እንደ መጽሐፉ ይለያያል፤ ልጆቹን በስሙ አላደክማቸውም።

ክፍሌ ውስጥ አፋቸውን በኦሮምኛ የፈቱ ብዙ ልጆች አሉ። አንዳንድ መምህራን ሰዋስው ላይ እነሱ ይቸገራሉ ብለው ያስባሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው። ኦሮምኛም ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ስለዚህ ማሰሪያውን ፍለጋ ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ማንም አያስተምራቸውም። የሚያደናቅፋቸው «የ» ናት። እነሱ «ነሚቺ ከን ካሌሳ ዹፌ» ይላሉ፤ ሰውየው ይቀድማል፣ ትናንት መምጣቱ ይከተላል። አማርኛው «ትናንት የመጣው ሰው» ነው፤ ሰውየው ከመጨረሻ። ይህን አንዴ ጎን ለጎን ጽፌ ካሳየሁ ይበቃል። አማርኛ ብቻ የሚናገሩት ልጆች ደግሞ «የመጣው» ውስጥ ግስ እንዳለ ለማየት የበለጠ ይፈጅባቸዋል። አፋቸው ስለለመደው አያዩትም።

ከሁሉ የምወደው የቤት ሥራ ደብተር ላይ የሚሠራው አይደለም። ቤታቸው የሚነገር ነገር ሰምተው፣ እንደተነገረ፣ ሳያስተካክሉ ጽፈው እንዲመጡ አዛለሁ። አንዱ ነጠላ፣ አንዱ ውስብስብ። ነጠላው ሁልጊዜ አሰልቺ ነው፤ «ምሳ ቀርቧል»፣ «መብራት ጠፋ»። ውስብስቡ ግን! የእናቶች ቁጣ ነው የሚሞላው። «ብትወጣ ወዮልህ!» «ስልኩን ካላስቀመጥሽ እሰብረዋለሁ።» አንዷ «ስመለስ ዕቃው ሳይታጠብ ባገኝ!» የሚል ይዛ መጣች። ጥሩ፣ ማሰሪያው የታል? ክፍሉ ፈለገ። «ስመለስ» አልታሰረም። «ሳይታጠብ» አልታሰረም። «ባገኝ» አልታሰረም። ሦስት ግስ፣ ማሰሪያ የለም። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ማሰሪያው ቁንጥጫ ነው» አለ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም። ዋናው ሐረግ ተውጧል፤ ሰሚው ግን በደንብ ያውቀዋል።

ተረትና ምሳሌም እንዲህ ያደርጋል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ» ብለን እናቆማለን። «ነው» እንኳን አንልም። ልጆቹ ይሄ ዓረፍተ ነገር ነው ወይስ አይደለም ብለው ይከራከራሉ። ይከራከሩ። እኔ የምላቸው «ፈተና ላይ አይመጣም፤ ድርሰት ላይ ግን ተጠቀሙበት» ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ረዥም ነጠላ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ብዬ ውድድር ሰጠሁ። አንድ ግስ ብቻ፣ የቻላችሁትን ያህል ቃል። አንዱ ልጅ እንዲህ ጻፈ፦ «እናቴ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከታናሽ እህቴና ከአክስቴ ጋር በአንድ ሰማያዊ ባጃጅ ከሰፈራችን እስከ ገበያው መግቢያ ድረስ ሄደች።» ክፍሉ አጨበጨበ። ጓደኛው ግን እጁን አወጣ። «ባለፈው ውስጥ አለፈ አለ!» አለ። እውነቱን ነው፤ በቅርጹ ከሄድን «ያለፈው» ላይ «በ» ተጨምሮ ነው። እኔ ዛሬ «ባለፈው» ደርቆ የጊዜ ቃል ሆኗል ብዬ ለጸሐፊው ፈረድኩ። የሽልማቱን ማስቲካ ግን ለሁለቱም ሰጠሁ። «ባለፈው» ውስጥ ግስ ያየ ልጅ ከዚህ በኋላ የሚያመልጠው ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል የሚል አለ። ወላጅም ይጠይቀኛል። መልሱን የማገኘው ድርሰት ሳርም ነው። የእኛ ልጆች ሲጽፉ እንዲህ ነው፦ «ጠዋት ተነስቼ ፊቴን ታጥቤ ቁርስ በልቼ ደብተሬን ይዤ ባጃጅ ተሳፍሬ ትምህርት ቤት ደረስኩ።» አንዳንድ መምህር ይህን በቀይ ያቋርጠዋል፤ «አጭር አጭር አድርጊ» ይላል። እኔ አልነካውም። ጥሩ አማርኛ ነው። ሁሉንም ያደረገችው አንድ ልጅ ናት፤ ድርጊቶቹ በተርታ ይሄዳሉ፤ አንባቢ አይጠፋም። የሚያስቸግረው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ «ባጃጅ ተሳፍሬ ጎማው ፈነዳና ወርጄ ሌላ ስፈልግ ጓደኛዬ አግኝታኝ አብረን ሄደን በሩ ተዘግቶ ጥበቃው አላስገባም ብሎን ተመለስን።»

እዚህ ላይ «ማን?» እያልን እንሄዳለን። በየግሱ አናት ላይ ባለቤቱን በእርሳስ እንጽፋለን። እኔ፣ ጎማው፣ እኔ፣ እኔ፣ ጓደኛዬ፣ እኛ፣ በሩ፣ ጥበቃው፣ እኛ። ልጅቷ ራሷ እያየችው ሳቀች። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዲህ ሰው ሲቀያየር አንባቢ ትንፋሽ ያጥረዋል። የት እንደምትቆርጥ እኔ አልነገርኳትም። ባለቤቱ የተቀየረባቸውን ቦታዎች ራሷ መረጠች፤ «ጎማው ፈነዳ» ላይ አራት ነጥብ አደረገች፤ «አብረን ሄድን» ላይ ሌላ። ሁሉንም አልቆረጠችም። «በሩ ግን ተዘግቶ ጠበቀን» የምትል ከራሷ ጨመረች፤ አማርኛዋ ያማረው እዚያ ነው።

ለ8ኛ ክፍሎች ደግሞ ደብዳቤ ይዤ እገባለሁ። በመሥሪያ ቤት አጻጻፍ እኔው የጻፍኩት ነው፦ «በሰፈራችን የሚገኘው የውሃ መስመር ከተበላሸ የቆየ በመሆኑ ነዋሪው እየተቸገረ ስለሚገኝ አስፈላጊው ጥገና እንዲደረግልን ስንል በትህትና እንጠይቃለን።» ማሰሪያውን ፈልጉ። መጨረሻ ላይ ነው፤ «እንጠይቃለን»። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ወደዚያች አንዲት ግስ የሚጎርፍ ነው። በነጠላ ዓረፍተ ነገር ብቻ መልሳችሁ ጻፉት እላለሁ። «የሰፈራችን የውሃ መስመር ተበላሽቷል። ነዋሪው ተቸግሯል። መስመሩ ይጠገንልን።» ግልጽ ነው፤ ሦስት መስመር። አንዲት ተማሪ ግን አነበበችውና «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ትእዛዝ ይመስላል። እንደዚህ ብንጽፍ ይቆጡናል» አለች። ልክ ናት። የመጀመሪያው ደብዳቤ ትህትና ያለው «በትህትና» የምትለው ቃል ላይ ብቻ አይደለም፤ «ስንል» ላይ፣ «እንዲደረግልን» ላይ፣ ጥያቄውን እስከ መጨረሻ ማዘግየቱ ላይ ነው። ነጠላው ፊት ለፊት ይናገራል። አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ትልቅ ሰው ፊት እንዲያ አይናገርም። ከዚያ ቀን ወዲህ «አጭር ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ይሻላል» የሚለውን የጽሑፍ ምክር በጥርጣሬ ነው የማየው።

የቀረን አንድ ያልተፈታ ጠብ አለ። እኔና አንድ ባልደረባዬ በሻይ ሰዓት የምንናቆርበት ነው። «ከሾፌሩ ጋር ማውራት ክልክል ነው።» ነጠላ ወይስ ውስብስብ? እሱ «ማውራት» ግስ አለበት፣ «ከሾፌሩ ጋር» የእሱ ማሟያ ነው፣ ስለዚህ ውስብስብ ነው ይላል። እኔ ነጠላ ነው እላለሁ። «ማውራት» ላይ «ማን?» ብትሉ አይመልስም፤ እኔ፣ አንተ፣ እሷ የሚል ምልክት የለበትም። እንደ ስም ነው የቆመው፤ «ጫት ክልክል ነው» እንደማለት። እንዲህ ስለው «እሺ፣ መምጣትህን ሰማሁ የሚለውስ?» ይለኛል። «መምጣትህ» ላይ «ህ» አለች፤ የመጣው አንተ መሆንህን ትናገራለች። እዚህ ላይ ሻዬን እጠጣለሁ። ለ7ኛ ክፍል «መ» ያለባቸውን በሙሉ እንደ ስም ቁጠሩ ብዬ አስተምራለሁ፤ «መምጣትህን» የመሰሉትን ግን ፈተና ላይ አላወጣም። የ8ኛ ክፍሉን ክልላዊ ፈተና የሚያወጡትም ቢተዉልን ደስ ይለኛል።